ወደ ኋላ የምታየው ሴት

ሰኞ፣ የካቲት 20 ቀን 2015፣ ጅግጅጋ

ዛሬ ስምንተኛ «ለ» ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ አፌን አስዘጋችኝ።

የማስተምረው ያችን ሥዕል ነበር። በየዓመቱ የካቲት ላይ አወጣታለሁ፤ ከድሮ የመምህር መምሪያ ፎቶ ኮፒ ያደረግኋት፣ ጥቁርና ነጭ፣ መዳፍ የምታህል ሥዕል ናት። አምስት ሴቶች ከገበያ ይመለሳሉ። አራቱ ወደፊት ያያሉ። አምስተኛዋ አንገቷን ወደ ግራ አዙራ ወደ ኋላ ታያለች። የሰዓሊው ስም ከገጹ ጠርዝ ጋር ተቆርጦ ቀርቷል። ከሥሯ የሚነበበው «አዲስ አበባ፣ ሙዚየም» የሚለው ብቻ ነው።

ስለ ብርሃንና ጥላ ተናግሬ ስጨርስ ፈርዶውሳ እጇን አወጣች። ዘንድሮ ከሀርሺን መጥታ አጎቷ ቤት የምትኖር ልጅ ናት። አማርኛዋ ገና ቢሆንም አታፍርበትም። «አንቺ» ነው የምትለኝ፤ በቋንቋዋ «እርስዎ» ማለት እንደኛ አልተለመደም፣ ደስ ይለኛል።

«ቲቸር፣ ሴትዮዋ ምንድነው የምታየው?»

«ወደ ኋላ ነው የምታየው።»

«እሱማ ታየኝ። ምንን?»

«እዚያ ጋ ሥዕሉ ተቆርጧል።»

«እሺ፣ ነጠላዋ ምን ዓይነት ቀለም ነው? ሥዕሉስ ትልቅ ነው ትንሽ?»

ፎቶ ኮፒዋን ወደ ብርሃን አነሣኋት።

«እውነተኛውን አይተሽዋል አይደል?» አለች።

ሃያ ሦስት ዓመት ሥዕል አስተምሬአለሁ። የተማርኩት አማርኛ ነው። እዚህ ስመደብ የሥዕል መምህር አልነበረምና «አንቺ እጅሽ ጥሩ ነው» ብለው ሰጡኝ። አዲስ አበባ ስሄድ ከአውቶቡስ ወደ አውቶቡስ ነው፣ ከለቅሶ ወደ ሰርግ። በዘይት ቀለም የተሠራ አንድ እውነተኛ ሥዕል ፊት ቆሜ አላውቅም። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

«አላየሁትም» አልኳት።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 21

«ሴትዮዋ ምን እያየች ነው?» ብዬ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። ከባቢሌ የመጣው ልጅ፦ ጅብ። አንዷ፦ ባሏን። ፈርዶውሳ፦ ወደ ኋላ የቀረች ግመል። እናቱ ከጠረፍ ከተማዋ ከቶጎጫሌ ልብስ የምታመጣው ልጅ ደግሞ፦ «ፊናንስ መጥቶ ነው፣ ዕቃ ሊወርስ።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ነጠላዋን ቀይ የቀባ አለ፣ ቢጫ የቀባ አለ።

መምህራን ክፍል ውስጥ ለሀምዲያ ነገርኳት። ሀምዲያ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ አሥራ አራት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ተጋርተናል። ከ2010 የሐምሌ መጨረሻ ሁከት በኋላ፣ ልጄ ቤዛ ከአዲስ አበባ «እማዬ፣ ጅግጅጋን ልቀቂ» እያለች ስትለምነኝ፣ ያልለቀቅሁት ግማሹ በሀምዲያ ምክንያት ነው። በዚያ ሳምንት ከቤቷ አላስወጣችኝም ነበር።

«ለምን ሄደን አናያትም?» አለች።

«ማን ማንን?»

«እኛ፣ ሴትዮዋን። ልጆቹን ይዘን። ወላሂ፣ እኔም አሁን ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ስወጣ የበሩን ጠርዝ በግራ ትከሻዬ መታሁት። ያ በር ሲሠራም ጠባብ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 28

ርዕሰ መምህራችን አቶ ዋበሪ ፈቀዱ! ከሁለቱም ጾም፣ ከሁዳዴና ከረመዳን በኋላ፣ ሚያዝያ መጨረሻ። የወላጅ ፊርማ፣ ለሙዚየሙ ደብዳቤ፣ ሁለት መምህራን፣ አሥራ ስምንት ልጆች።

«ኃላፊዋ እርስዎ ነዎት፣ መምህርት ጥሩአየሁ» አሉ። «ልጆቹን የሚቆጥሩት እርስዎ። አሥራ ስምንት ይዘው ሄደው አሥራ ስምንት ይዘው ይመለሱ። ከዚያ በላይ ምንም አልጠይቅም።»

መንገድ ስሻገር ባጃጅ ልትገጨኝ ነበር። ከየት እንደመጣች እንጃ። ሹፌሩ በሶማሊኛ የተሳደበውን ተረድቼ እንዳልተረዳ ሰው አለፍኩ።

አርብ፣ መጋቢት 1

ሙዚየሙ ጋ ደወልኩ። ሦስተኛው ጥሪ ላይ አቶ ዮፍታሔ የሚባሉ ትሑት ሰው አነሱ። ሥዕሏን እንደነገርኳቸው፦

«ብዙዎቹ ግምጃ ቤት ናቸው፣ እመቤት። ሁሉም አይሰቀልም። እስቲ ፎቶዋን ይላኩልኝ።»

ይህ ሐሳብ ፈጽሞ አልመጣብኝም ነበር። ሥዕል የሚቀመጥበት ግምጃ ቤት! ጨለማ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይሆን የሚቀመጡት? እንደ መጽሐፍ ተደርድረው? ለምን አልጠየቅሁም?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 2

አቶ ዮፍታሔ ደወሉ። አለች! ተሰቅላለች!

«በግራ በኩል ያለውን ነው የጠየቁኝ አይደል? እዚያ ጋ እኮ አንዲት...»

«አይንገሩኝ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት እዚህ ስሠራ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም» አሉ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን እንደ ልጅ ሳቅሁ። «አንዲት» ነው ያሉት። ጅብም ባልም አይደለም ማለት ነው። ፊናንስም ቀረ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 5

ቅመም ልገዛ ሄጄ፣ ከሱቁ በር መለስ ብዬ ቁልፌን ስፈልግ፣ ባለሱቋ ሶሲና ለደንበኛዋ ስትናገር ሰማሁ።

«መምህርቷ ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ስንቴ እጄን አንስቼ ሰላም ብያት ዞር ብላ አላየችኝም። ልጆች ይዛ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው አሉ። ከወዲሁ ኮራች።»

ሳልገባ ተመለስኩ። መቼ ነው ሰላም ያለችኝ? ከሱቋ ፊት በየጠዋቱ አልፋለሁ። ሱቋ በግራ በኩል ነው። በሐሳብ ስሄድ ይሆናል። ሰው በሐሳብ ሲሄድ ምን ያያል?

ወጡን ያለ ቅመም ሠራሁት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9

ልምምድ ወጣን። ካራማራ ተራራ ሥር። አሁን መጻፍ አልችልም። ልጁ ደህና ነው። ደህና ነው።

እሁድ፣ መጋቢት 10

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ቅዳሴውን አልሰማሁትም። እስቲ በሥርዓት ልጻፈው።

ሐሳቡ የኔ ነበር። ከአዲስ አበባው ጉዞ በፊት ልጆቹ መኪና ውስጥ መግባት፣ መውረድ፣ መቆጠር ይለማመዱ፤ እግረ መንገዳቸውን ተራራውን ይሳሉ። ፋራህ በሚኒባሱ ወሰደን። ወደ አዲስ አበባም የሚወስደን እሱ ነው። ስንወርድ አሥራ ስምንት። ልጆቹ በየድንጋዩ ተበተኑ። ቀኑ ጥርት ያለ ነበር፣ ተራራው እጅ የሚነካው ይመስላል። ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው እየሄድኩ «ከሩቅ ያለው ይፈዛል፣ አትጫኑት» እላለሁ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስድስት ሰዓት ላይ ጠራኋቸው። በሩ ላይ ቆሜ እየነካሁ ቆጠርኩ። አሥራ ስምንት። እርግጠኛ ነበርኩ። ሀምዲያ ከፊት ከፋራህ ጎን ነበረች። ትምህርት ቤት ደርሰን ሲወርዱ ነው ፈርዶውሳ «ሳቢርስ?» ያለችው።

ሳቢር አልነበረም።

አንዱን ልጅ ሁለቴ ቆጥሬ መሆን አለበት። ልጆች ሲቆጠሩ አይቆሙም፤ ገብቶ ይወጣል፣ ውኃ ረሳሁ ይላል። ፋራህ መኪናውን እንዴት እንዳዞረው አላስታውስም። ያ የከባድ መኪና መንገድ ነው። መንገዱን ሁሉ የሳቢርን መልክ ለማምጣት ስሞክር ሸሚዙ ብቻ ነበር የሚመጣልኝ።

ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ አገኘነው። መንገድ ዳር ወተት የምትሸጥ ሴት ጎን ተቀምጧል፣ ሻሿን ራሱ ላይ ጣል አድርጋለት፣ የግመል ወተት በጣሳ ሰጥታው። ሴትዮዋ በሶማሊኛ ለሀምዲያ ብዙ ተናገረች፤ እኔን እያየች ነበር የምትናገረው። ሀምዲያ አልተረጎመችልኝም። ሁሉም ባይገባኝም «ዓይን የላትም ወይ?» ያለችው ገብቶኛል።

ሳቢርን አቅፌ «የት ነበርክ?» አልኩት።

«እዚያው ድንጋዩ ላይ፣ ቲቸር። እየሳልኩ። በአጠገቤ አልፈዋል እኮ። እጄን አወዛወዝኩልዎት። አይተውኝ ጨርስ ያሉኝ መሰለኝ።»

በየትኛው ጎኔ እንደነበረ አልጠየቅሁትም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 13

ነገ ረመዳን ይገባል፤ የኛም ጾም አጋማሽ ላይ ነው። ከነገ ጀምሮ መምህራን ክፍል ውስጥ ሻሂ አይፈላም።

ሀምዲያ ዛሬ ጨዋታ አመጣች። ሌሎቹ ሲወጡ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና «አፍንጫዬን እዪ፣ ሌላ ቦታ አትዪ» አለችኝ። እጆቿን በግራና በቀኝ ዘርግታ «ስንት ጣት ነው?»

«እየቀለድሽ ነው እንዴ?»

«አልቀለድኩም። ስንት ነው?»

«ጣት አላወጣሽም» አልኳት።

 እጆቿን አጥፋ፣ ዓይኗን ሳታነሣ የተማሪ ደብተር ማረም ጀመረች። የባዮሎጂ መምህር ጨዋታ እንዲህ ነው። ለምን እንደከፋት አልገባኝም። ጾሙን አስባ ይሆናል።

አባቴ በመጨረሻ ዘመኑ በር በእጁ እየዳበሰ ይፈልግ ነበር። ግን አባቴ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነበር። እኔ ሃምሳ አንዴ ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 14

ደብዳቤው ማህተም ተመታበት። አሥራ አንድ ወላጅ ፈርሟል።

ትምህርት ቤት ደረጃው ላይ ወደቅሁ። ጉልበቴ ብቻ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 21

የሳቢር አባት አቶ ጁነይድ መጡ። የብርድ ልብስና ምንጣፍ ነጋዴ ናቸው፤ ከስልጤ መጥተው እዚህ ልጅ የወለዱ፣ ጨዋ ሰው። ስገባ አቶ ዋበሪ ቢሮ ተቀምጠዋል።  የካራማራውን ጉዳይ ሊጠይቁ ነው ብዬ ነበር።

«መምህርት፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አሉ። «ልጄ ነግሮኛል። ሊያስደነግጣችሁ ብሎ ከድንጋይ ኋላ ተደብቆ ኖሯል። ቀጥቼዋለሁ። ከጉዞው ግን አይከልክሉብኝ፣ ሌሊት ሁሉ ስለዚያች ሥዕል ነው የሚያወራው። እርስዎን አምኜ እፈርማለሁ።»

አቶ ዋበሪ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጅ መቼም...» አሉ።

ሳቢር አልተደበቀም። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ ሳቢርም ያውቃል። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ለኔ ብሎ ዋሸ፣ ለኔ ብሎ ተቀጣ። እኔ ምን አልኩ? «ምንም አይደል» አልኩ። ወረቀቱ ላይ ሲፈርሙ ብዕር ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።

ከሰዓት ክፍል ገባሁ። ሳቢር ቀና ብሎ አላየኝም። ሥዕሉ ጥሩ ነው፣ ካራማራን ከሁሉም አብልጦ ስሏል። «ጎበዝ» አልኩት። 

ማክሰኞ፣ መጋቢት 26

ፈርዶውሳ የጥያቄ ዝርዝር አዘጋጀች። ሠላሳ አንድ ጥያቄ። «ሥዕሉን ማን ያጥበዋል?» «ሰዓሊው ሲሳሳት ምን ያደርጋል?» «ሴቶቹ እውነተኛ ሰዎች ነበሩ? ከነበሩ ሄደው ራሳቸውን አይተዋል?» ይህን የመጨረሻውን ሳነብ ተነሥቼ ክፍሉ ውስጥ ተንጎራደድኩ። በሃያ ሦስት ዓመት አንድ ቀን ለምን አላሰብኩትም?

ሀምዲያ፦ «ሐረር አንድ የዓይን ሐኪም አውቃለሁ።»

እኔ፦ «መነጽር አላስፈለገኝም። መጽሐፍ እንዳንቺው አነባለሁ።»

እውነቴን ነው። ትንሹን ፊደል አነባለሁ። ዓይኑ የታመመ ሰው ትንሽ ፊደል ያነባል?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 2

ሀምዲያ ዛሬ ተቆጣች። እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም፤ ጾመኛ ሆና ድምፅዋን ሳታነሣ ነበር።

«ጥሩዬ፣ እኔ ከአንቺ ጋር ሁለተኛ መምህር ነኝ። አዲስ አበባ መንገድ ላይ አሥራ ስምንት ልጅ። በግራሽ ያለውን ማን ያይልሻል?»

«አንቺ።»

«እኔ ላንቺ ማየት ከጀመርኩ ስንት ጊዜ ሆነኝ መሰለሽ? ሻሂሽን ከጠረጴዛው ጠርዝ የማርቀው፣ በግራሽ የምሄደው፣ ሰው ሰላም ሲልሽ «ጥሩዬ፣ እገሌ ነው» የምልሽ ለምን ይመስልሻል? ሳቢርን ግን አላየሁልሽም። ከፊት ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተኛሁም።»

ሁልጊዜ በግራዬ ትሄዳለች። ልማዷ ይመስለኝ ነበር።

«ረቡዕ ሐረር እንሄዳለን» አለች። እሺ አልኩ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 4፣ ሐረር

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ለስላሳ ድምፅ አለው። አገጬን መሣሪያ ላይ አስደግፎ አንዲት የምትበራ ነጥብ ባየሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን ነገረኝ። ብዙ ጊዜ ምንም ነገር አልበራም። «መሣሪያው ይሠራል?» አልኩት። «ይሠራል» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ከዚያ በወረቀት አውጥቶ አሳየኝ። የግራ ዓይኔ ካርታ ዳር ዳሩ ጥቁር ነው፣ መሐሉ ላይ ነጭ ክብ። ቀኙም ተከትሎታል፣ ትንሽ ሰፋ ያለ ክብ ነው የቀረው። እንደ ሥዕል አየሁት፤ ሌላ ሰው የሣለው ፍም ይመስላል። ሰው የማያየውን ነገር እንዴት እንዲህ በካርታ ማውጣት እንደሚቻል ጠየቅሁት፤ በትዕግሥት አስረዳኝ። የጠየቅሁት ማልቀስ ስላልፈለግሁ ነው፤ ግን ማወቅም ፈልጌ ነበር።

ግላኮማ ይባላል። የዓይን ግፊት። ጠርዝ ጠርዙን ይበላል፣ መሐሉን ለመጨረሻ ይተዋል፤ ለዚህ ነው ትንሽ ፊደል የማነበው። ጨለማም አይደለም የሚታየው፤ የጎደለው እንደጎደለ አይታወቅም። «የሄደው አይመለስም» አለ። «የቀረውን በጠብታ እንይዘዋለን፣ አንድም ቀን ካላቋረጡ። ከቤተሰብ ሰው ነበረዎት?»

«አባቴ» አልኩ።

መመለሻ ላይ ሀምዲያ ከባቢሌ ለውዝ ገዛች። እሷ ትጾማለች፤ ለኔ ነው። አብዝታ ገዛች።

ቀዳዳዎቹን አሁን ነው የማያቸው። በሩ፣ ባጃጇ፣ ሶሲና። ሳቢር እጁን ሲያወዛውዝ። ባለወተቷ እውነቷን ነበር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 5

አቶ ዋበሪ ጋ ገባሁ። አቶ ጁነይድ እንዲጠሩልኝ ለመንኩ። በሁለቱም ፊት ተናገርኩት፦ ዓይኔን፤ ሳቢር እንዳልተደበቀ፤ አይቼው ሳይሆን ሳላየው እንዳለፍኩ፤ እያወቅሁ ሁለት ሳምንት ዝም እንዳልኩ።

አቶ ዋበሪ ተቆጡ። «ልጁ ያን ቀን ቢጠፋ ኖሮስ? ዝምታዎ ነው የከፋኝ፣ ዓይንዎ አይደለም!»  ጉዞውን እንዲሠርዙት ጠበቅሁ።

 አቶ ጁነይድ፦ «ልጄን ያለ ጥፋቱ ቀጣሁት ማለት ነው» አሉ። ተነሥተው ሄዱ።

እሁድ፣ ሚያዝያ 8

ፋሲካ ነው። ቤዛ ደወለች። በመጀመሪያ ዝም ልል ነበር። ነገርኳት። አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች፣ ከዚያ ጠብታውን በስንት ሰዓት እንደማደርግ ጠየቀች። «አሁን ትመጫለሽ? ከኔ ጋር ትኖሪያለሽ?» አለች። «እመጣለሁ፣ ሥዕል ለማየት» አልኳት።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 16

አቶ ዋበሪ አስጠሩኝ። ዝርዝሩን በአዲስ አጽፈውታል። ኃላፊ፦ መምህርት ሀምዲያ። ረዳት፦ አቶ ጁነይድ፤ ሱቃቸውን ዘግተው ሊሄዱ ነው። ተጓዦች በሚለው ሥር፣ ከአሥራ ስምንቱ ልጆች ቀጥሎ፣ ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፦ ጥሩአየሁ።

«የሚቆጠሩት እርስዎም ነዎት እንግዲህ» አሉ። አልሳቁም። እኔ ግን እጃቸውን ያዝኩ።

ክፍል ውስጥ ለልጆቹ ራሴ ነገርኳቸው። ስለ ሳቢርም። ፊቱ ቀላ፣ ግን ቀና አለ። ከዚያ አንዱ ጠየቀ፣ ሌላው ቀጠለ። «ጨለማ ነው?» «አይደለም።» «ታዲያ ምንድነው?» የሐኪሙን ካርታ ሰሌዳው ላይ ሣልኩላቸው። ወረቀት ጠቅልለው ዓይናቸው ላይ አድርገው በክፍሉ ውስጥ መሄድ ጀመሩ፣ እየተጋጩ። ደወሉ ተደውሎ አልወጡም።

ማታ ሶሲና ሱቅ ገብቼ ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ ሰላም አልኳት። ምክንያቱንም ነገርኳት። አፏን በእጇ ያዘች። በርበሬ ጨመረችልኝ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 26፣ መንገድ

ፋራህ ይነዳል። ሐረርን አለፍን። አቶ ጁነይድ በየፌርማታው ይቆጥራሉ፤ እኔ ጋ ሲደርሱ «አሥራ ዘጠኝ» ይላሉ፣ ልጆቹ ያጨበጭባሉ። ሳቢር በግራዬ ተቀምጦ ያለፍነውን ይነግረኛል፦ ግመል። የውኃ ቦቴ። ሠርገኛ። መኪናው ይንጣል፤ ጽሑፌ አይነበብም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 28፣ አዲስ አበባ፣ ቤዛ ቤት

አቶ ዮፍታሔ በር ላይ ጠበቁን። በድምፃቸው ወፍራም ሰው መስለውኝ ነበር፤ ቀጭን ናቸው። «አይንገሩኝ ያሉት እርስዎ ነዎት?» አሉ። ልጆቹን ወደ ላይ አወጡ። ሀምዲያ በግራዬ፣ ቤዛ በቀኜ።

አዳራሹ ገብተን ልጆቹ አንድ ላይ ዝም አሉ። ያን ዝምታ ስሰማ እንደደረስን አወቅሁ።

በመጀመሪያ ያየሁት እጅ ነው። ዘንቢል የያዘ እጅ፣ ከራሴ እጅ የሚበልጥ። ከሱ ሌላ ምንም። ዓይኔን አንቀሳቀስኩ፤ ክርን። አንቀሳቀስኩ፤ ነጠላ። ቀይም ቢጫም አይደለም፤ አመድማ ሰማያዊ ነው፣ ውስጡ ወይን ጠጅ የሆነ። ሥዕሉ ከቤዛ ሳሎን ግድግዳ ይሰፋል። መዳፍ የምታህለዋን ስንት ዓመት ሙሉዋን አየሁ፤ እውነተኛይቱን ግን በመዳፍ በመዳፍ እየቆረስኩ ነው የማያት። ተናደድኩ። ከዚያ ቀረብ አልኩ፤ ሳልነካ አፍንጫዬን እስኪጠጋ። ቀለሙ ወፍራም ነው! እንደ ቂጣ ሊጥ የተለጠፈበት ቦታ አለ። የሰዓሊው ብሩሽ አንድ ፀጉር ውስጡ ተጣብቆ ደርቋል። ይህን ማንም መጽሐፍ አልነገረኝም።

«ቲቸር! ግራውን! ግራውን እዪ!» ፈርዶውሳ ናት።

ቀስ ብዬ በግድግዳው ልክ ሄድኩ። ባዶ መሬት፣ ባዶ መሬት፣ ከዚያ ቀይ ነጠብጣቦች፣ ብዙ። ከዚያ ጉልበት። አንዲት ሴት መሬት ላይ ተንበርክካለች። ጆንያዋ ተቀዷል፣ ማሽላዋ ፈስሷል፣ በቀሚሷ ጫፍ እየሰበሰበች ነው። አንድም ሰው አጠገቧ የለም። ከቅርብ ሲያዩት ማሽላው ማሽላ አይደለም፣ ቀይ ጠብታ ብቻ ነው።

ልጆቹ ተከራከሩ። «ዝም ብላ እያየቻት ነው፣ ትሄዳለች» ይላል አንዱ። «ጓደኞቿ እየጠበቋት ነው፣ ይመሽባታል።» ሳቢር፦ «እግሯን እዩ! የቀኝ እግሯ ተረከዝ ዞሯል። ልትመለስ ነው።» አቶ ጁነይድ እንደ ልጅ ጎንበስ ብለው ተረከዙን ሲመረምሩ አየሁ። «ልክ ነው፣ ዞሯል» አሉ።

እኔ ግን ተንበርካኪዋን ሳይ የቆመችዋ የለችም፤ የቆመችዋን ሳይ ተንበርካኪዋ የለችም። አንዷ ሌላዋን የምታይበትን ሥዕል ነበር ልናይ የመጣነው። ለሀምዲያ ነገርኳት።

ሀምዲያ አሰበች። ከዚያ ከኋላዬ መጥታ ሁለቱን ትከሻዬን ያዘች።

«ወደ ኋላ ነይ» አለች።

«ልወድቅ ነው።»

«ከኋላሽ እኔ ነኝ። ነይ።»

አንድ እርምጃ። ሁለት። ልጆቹ መንገድ ለቀቁ። ክንድ ከትከሻ ጋር ተገናኘ። አምስት፣ ስድስት። ሁለተኛዋ ሴት መጣች፣ ሦስተኛዋ። «አሁንም» አልኩ። አዳራሹ አለቀ። አቶ ዮፍታሔ «በሩን ክፈቱላቸው» አሉ፤ ጥበቃው ከፈተ። በበሩ ወጥተን ወደ ቀጣዩ ክፍል ገባን፣ አሁንም ወደ ኋላ፣ ጀርባዬ ግድግዳ እስኪነካ ድረስ። ሥዕሉ በበሩ መቃኖች መሐል እያነሰ እያነሰ ሄደ፣ ከዚያ ቆመ።

ፈርዶውሳ ከዚያ ማዶ፣ ከሥዕሉ ሥር ሆና በአዳራሹ ሙሉ ጮኸች።

«ቲቸር! አሁንስ ማን ትታይሻለች?»

«ሁለቱም!» አልኳት።